ጤና ሳይንስና የጤና ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ አንዳንዴ ተማሪው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አጎት፣ አክስት ወይም የሰፈር ሰው ነው። "አንተ ጤና ተምረሃል አይደል? እስቲ ይህን ልጅ ምከርልን" ይሉኛል። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፤ መልሴም ያው። ስለዚህ ጻፍኩት። እኔ ኅብረተሰብ ጤና ተምሬ ሁለተኛ ዲግሪዬን በጤና ትምህርት፣ ማለትም ሕዝብን ስለ ጤና በማስተማር ሙያ፣ የሠራሁ ሰው ነኝ። ለዘርፌ ማድላቴ አይቀርም፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡ።

"ጤና ገባ" ሲባል ምን ማለት ነው? ሐኪም ሊሆን ነው?

ላይሆን ይችላል። "ጤና" የሚባል አንድ ትምህርት የለም። በዚያ ስም ሥር ሕክምና አለ፣ ነርሲንግ አለ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲ፣ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ አንስቴዥያ፣ የአካባቢ ጤና አለ። ጤና መኮንንም አለ፤ እኔ የተማርኩት ኅብረተሰብ ጤና የሚያወጣው፣ ተማሪው "ኤች ኦ" የሚለው ነው። ዘመድ ግን ሁሉንም "ዶክተር" ብሎ ይገላገላል። ልጁም አያርምም።

ጤና መኮንን መሃል ላይ የቆመ ሙያ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ተቀምጦ በሽተኛ ያያል፣ መድኃኒት ያዛል። ከሰዓት በኋላ የቀበሌዎቹን የክትባት ሽፋን ያሰላል። ወረርሽኝ ተነሳ ከተባለ ለማጣራት ይወጣል። አንድ ሰውም ያክማል፣ አንድ ወረዳም ይከታተላል።

የጤና ትምህርት ደግሞ በሁሉም ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ዲግሪ እንደ ኮርስ ይሰጣል፤ ራሱን ችሎ በጥልቀት የሚወሰደው በአብዛኛው በማስተርስ ነው። ሰው ለምን ይታከማል፣ ለምንስ እቤቱ ይቀራል፣ ምን ሲነገረው ጆሮ ይሰጣል፣ እሱን ነው የሚያጠናው።

ጤና መኮንን ሕክምና ያልደረሰው ነው የሚገባበት ይባላል። እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። አንደኛ ምርጫዬ ሕክምና ነበር፤ ለጥቂት ቀረሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍል ስገባ እንጂ ከዶርም አልወጣሁም። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ "ያው ነው፣ ስሙ ነው የተለየው" እያለች አሳመነች።

ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አካባቢ፣ ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ። ያኔ አገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ከተማ ውስጥ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ዕርዳታ ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። ሦስት ዓይነት ባለሙያ ያወጣ ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ ሳኒቴሪያን። ሦስቱ በአንድ ግቢ ተምረው፣ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። አንዱ ያክማል፤ አንዷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች፤ አንዱ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። እንደ ዛሬው "እኔ የዚህ ዲፓርትመንት፣ አንተ የዚያ" የለም።

አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። ከጎንደር አሥር ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ጎንደር ራሱ በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሐኪም ወደ ማሠልጠን ዞረ፤ የጤና መኮንን ትምህርት የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ "የሕክምና ትራፊ" የሚባለው ሙያ በዚህ አገር ከሕክምና ትምህርት በዕድሜ ይበልጣል። ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። "እሱስ ይሁን" አለችኝ።

እንዴት ነው የሚገባው?

12ኛን በተፈጥሮ ሳይንስ መጨረስ አለባችሁ። በቀጥታ ለመመደብ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና 50 እና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። "ሬሚዲያል" የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከገቡ በኋላ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያው ዓመት አለ። ዲፓርትመንት የሚያዘው በፍሬሽማን ውጤት ነው፤ የ12ኛውም ነጥብ ይታያል። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከ12ኛ ጭንቅ ወጥቶ ግቢ ሲገባ "አሁንስ ልረፍ" ይላል። ማረፊያው ያ ዓመት አይደለም። እንዲያውም የዕድሜ ልክ ሙያ የሚወስነው ያ ዓመት ነው።

በፍሬሽማን የሚሰጡት ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ለጤና ተማሪ ምን ያደርግለታል?

ለጂፒኤ ያደርግለታል፤ ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው። ሁለተኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። አንትሮፖሎጂን የናቀ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ መንደር ውስጥ ቆሞ፣ እናቲቱ የሕፃኗን "ግግ" ለምን እንዳስወጣች፣ እንጥሉን ለምን እንዳስቆረጠች ሲጠይቅ ያገኘዋል። እሷ ልጇን የማትወድ ሆና አይደለም። ተቅማጡና የጉሮሮ ሕመሙ በሱ የሚቆም መስሏት ነው፤ አማቷም አጠገቧ ቆመዋል። "ጎጂ ልማድ ነው" ብሎ መሄድ ቀላል ነው። አማቲቱን ማሳመን ግን ኮርስ ይፈልጋል።

ልጄ ደም ሲያይ ይደነግጣል። ይችለዋል?

ይችለዋል፣ እማማ። ደሙን ሁሉም ይለምደዋል። የሚከብደው ሌላ ነው። አናቶሚ ክፍል፣ አስከሬን የሚጠናበት፣ የማቆያው የፎርማሊን ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጓንት ቢደረግም ጣት ላይ የቀረ ይመስላል። እኛ የመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ በማንኪያ ነበር የበላነው። ካፌው ሥጋ ወጥ ያወጣ ቀን ድርሻችንን ከሌላ ዲፓርትመንት ለመጡ ልጆች ሰጠን፤ እነሱም አልጠየቁንም፣ እኛም አልነገርናቸውም። በሦስተኛው ሳምንት መልሱልን ብለን ተጣላን።

ሂሳብ አለው? ከሂሳብ ሸሽቼ ነው ጤና የመረጥኩት።

አላመለጥክም። ባዮስታቲስቲክስ አለ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለው የበሽታ ሥርጭት ጥናትም አለ። ግን ያስፈራችሁ ዓይነት ሂሳብ አይደለም። ሠርግ ቤት እንበል። 40 ሰው ክትፎ በላ፤ 24ቱ በማግስቱ ታመሙ። 30 ሰው ክትፎውን አልነካም፤ 3ቱ ታመሙ። ከበሉት 60 በመቶ፣ ካልበሉት 10 በመቶ። ክትፎ የበላ ሰው የመታመም ዕድሉ ስድስት እጥፍ ነው። ይህች "ቱ ባይ ቱ ቴብል" የምትባል ባለ አራት ቤት ሠንጠረዥ ናት፤ ወረርሽኝ ሲጣራ መጀመሪያ የምትሣለው እሷ ናት። መደመርና ማካፈል ከቻልክ ትወጣዋለህ። ከዚያ በኋላ የሚከብደው ባለ ሠርጉን "ክትፎው ነው" ብሎ መንገር ነው።

የጤና ትምህርት እኮ ማስተማር ብቻ ነው። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን ያስፈልጋል?

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ለአታችመንት፣ ለተግባር ልምምድ፣ ሄድን፤ የጠዋቱን የጤና ትምህርት እንድሰጥ ተመደብኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ስልሳ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ጋውኔን ተኩሼ፣ የሳንባ ሥዕል ያለበት ፍሊፕ ቻርት ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። "ቲቢ በባክቴሪያ አማካይነት የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ዋና ዋና ምልክቶቹም..." ብዬ ጀመርኩ። ሰዉ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። የሚጠብቀው የካርድ ክፍሏ ልጅ ስም ስትጠራ ነው። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። አንዷ እናት ዳቦ ትቆርሳለች። አሥር ደቂቃ ለፈለፍኩና "ጥያቄ ያለው?" አልኩ። አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ደስ አለኝ።

"ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?"

በማግስቱ የዚያው ጤና ጣቢያ ሲስተር ተራዋ ነበር። ቻርቱን አልያዘችም። አግዳሚው ላይ ከሰዎቹ መሃል ተቀመጠች። "እናንተ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው እቤቱ ያለ አለ?" አለች። ዝም አሉ። "እኔ ጎረቤቴ አለ" አለች ራሷ። ከዚያ አንዷ እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላው። አራት ሰው ተናገረ። ሁለቱ የሚያስላቸው ራሳቸው ነበሩ፤ አክታቸውን ሰጥተው ሄዱ። እኔ ስለ ባክቴሪያው አወራሁ፤ እሷ ስለ ሳሉ ጠየቀች።

ከዚህ ጀርባ ንድፈ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለቲቢ ምርመራ ኤክስሬይ በመኪና ተጭኖ ሰፈር ድረስ ይሄድ ነበር፤ ያውም በነፃ። ሰዉ ግን እንደታሰበው አልመጣም። "ለምን?" ብለው የጠየቁ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው ዛሬ "ሄልዝ ቢሊፍ ሞዴል" የምንለውን ያወጡት። ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት በልቡ የሚያሰላው አለ አሉ። እኔን ይይዘኛል ወይ? ቢይዘኝስ ምን ያህል ይጎዳኛል? ብመረመር ምን አገኛለሁ? ምንስ ያሳጣኛል? የመጨረሻዋን አትናቋት። እኛ አገር የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። የሚያስፈራው ገንዘቡ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው፤ አከራዩም "ቤቱን ልቀቅ" ሊል ይችላል። ይህን ሳታውቁ "በነፃ ነው፣ ኑ" ብትሉ ማንም አይመጣም።

ለነገሩ ጉዳዩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛሬዋ ካዛኪስታን፣ አልማ አታ ላይ አገሮች ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ሲስማሙ፣ ከዘረዘሯቸው ስምንት ነገሮች መጀመሪያ የተጻፈው ስለ ጤና ችግሮች ማስተማር ነው። ከክትባትም ከመድኃኒትም በፊት። በጀት ሲያንስ ግን ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ደግሞ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። እንዴት ይገናኛሉ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ግን ትንሽ ነው። እውነቱን ለመናገር አይገናኙም። ተማሪው ራሱ ድልድዩን እስኪሠራ ድረስ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሁለት ምርመራ ተደርጎላቸው ውጤት ልነግራቸው ተቀመጥኩ። "ደም ብዛት አለብዎት፣ ደም ማነስም አለብዎት" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና "አንተ ልጅ፣ ወይ በዝቶብኛል በለኝ፣ ወይ አንሶኛል በለኝ" አሉ። ልክ ናቸው! በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ምንም አይገናኙም። በአማርኛ ግን አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው የሚመስለው። አንዳንድ ሰው ክኒኑን የሚያቆመውም በዚህ ነው፤ "ከሳሁ፣ ደሜ ቀንሷል" ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ደም ግፊት" ነው የምለው። ውኃ በቀጭን ጎማ ሲገፋ እንዴት እንደሚወጥረው በእጄ አሳያለሁ። ደም ማነሱን ደግሞ ለብቻው፣ ቆይቼ።

መጽሐፍ ውስጥ የማታገኟቸው ቃላትም አሉ። "ብርድ መታኝ" የሚል ሰው ጎኑን የወጋው ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል፣ ሊናገረው ያፈረው የአባላዘር በሽታም ሊሆን ይችላል። "ምች" ሲል ከንፈሩ ላይ የወጣውን ነው፤ ዳማከሴ አሽቶ ነው የመጣው። "የወፍ በሽታ" ያለው ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። "መጋኛ" ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ አትሳቁ። የሳቃችሁበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም።

ገጠር መውጣት ግዴታ ነው?

አዎ፤ ጥሩ ነገሩም እሱ ነው። በዚህ የሚታወቀው ጅማ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት ጀምሮ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ውስጥ አድርጎ ነው የተነሳው። በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህን አልተወም። ተማሪ ቤት ለቤት ዞሮ ይቆጥራል፣ ችግሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ከነዋሪው ጋር አንድ ነገር ይሠራል። በኋላ "ቲቲፒ" ይመጣል። የተለያየ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ተቀላቅለው አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ለሳምንታት አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። የድሮው የጎንደር ሐሳብ ነው፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በየስማቸው ያደርጉታል።

እኛ የወጣንበት ቀበሌ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የመጸዳጃ ቤት ሽፋን ነበር የምንቆጥረው። ከአንድ አባወራ ግቢ ደረስን። ቆርቆሮ ክዳን፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ በር ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት መጸዳጃ ቤት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ አላየንም። ቅጹ ላይ "አለ" የሚለውን ምልክት አደረግን፤ "ንጹሕ" የሚለውንም አደረግን። አንዷ የቡድናችን ልጅ ግን "ይከፈትልን" አለች። ሰውዬው "ቁልፉ ከልጁ ጋር ገበያ ሄዷል" አሉ። ልጅቷ ችክ አለች፤ ልጁ እስኪመጣ ቡና ተፈላ። መጣ፣ ተከፈተ። ውስጡ ጤፍ በጆንያ ተደርድሯል።

"ታዲያ እህል የት ላድርገው? እናንተ ሥሩ ብላችሁኝ ሠራሁ፤ ከቤቴ የሚበልጥ ሆነ" አሉ። ደጃፍ ላይ ሳቅን። ማታ ግን ሪፖርቱን ስንጽፍ ማናችንም አልሳቅንም። የዚያን ቀን "አለ" ብለን የጻፍነው 43 ቤት ነበር፤ ገብተን ያየነው ስንቱን ነው? በማግስቱ እንደገና ዞርን። አሁን ተማሪ ሳወጣ መጀመሪያ የምነግራቸው "በሩን አስከፍቱ" ነው።

ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በምን ይለያል?

የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተጀመረው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ 10ኛን የጨረሱ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ጤና ኬላ ላይ ይመደቡ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሆኑ። ብዙዎቹ በኋላ ትምህርታቸውን አሻሽለዋል። በመዋቅሩ አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላ ይደግፋል፤ የጤና መኮንኑ ወይም የጤና ትምህርት ባለሙያው ሥራ ያን መደገፍና መከታተል ነው።

በወረቀት እናንተ በላይ ናችሁ። በእውነቱ ግን እሷ ማን እንዳረገዘ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ሽማግሌ ከተናገረ ሰዉ እንደሚሰማ ታውቃለች። ዲግሪ ይዞ ወረዳ የገባ ልጅ እሷን ሊያዝዛት ከጀመረ ስድስት ወር ያባክናል። እኔ አንድ ዓመት አባክኛለሁ።

ኤግዚትና ሲኦሲ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የመውጫ ፈተናው፣ ኤግዚት የምንለው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሁሉም ዲፓርትመንት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ነው በሁሉም የተጀመረው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ካላለፉ ዲግሪው አይሰጥም፤ እንደገና መፈተን ግን ይቻላል። ጤና የተማረ ሰው ከዚህ ሌላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና አለበት። ተማሪው በልማድ ሲኦሲ የሚለው እሱን ነው። እሱ ለሥራ ፈቃድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት የአራተኛ ዓመቱን ብቻ አይደለም፤ የሁለተኛ ዓመት ሀንድአውታችሁን አትጣሉ።

ሥራ አለ?

እንደ ድሮው አይደለም። እኛ ስንመረቅ ምደባው ይጠብቀን ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውም ተመራቂውም በዝቷል፤ ወረዳው ደግሞ በጀት የለኝም ይላል። ሐኪም እንኳ ተመርቆ ይጠብቃል። ደሞዙም የሚያወላዳ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱበት ጉዳይ ነው።

ይህን ብዬ ግን "አትግቡ" አልልም። ለጤና ትምህርት ሰው ከጤና ጣቢያና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሌላም በር አለ። የክትባት ዘመቻ፣ የወባና የኤች አይ ቪ ፕሮጀክቶች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ ሬዲዮ፣ ጥናትና ምርምር። እዚያ የሚፈለገው ጥርት ያለ ሪፖርት የሚጽፍ፣ ቡድን ሰብስቦ ውይይት የሚመራ፣ ዳታ ማጽዳት የሚችል ሰው ነው። ኤክሴልን ዛሬ ጀምሩት። የአካባቢ ቋንቋ የጨመረ ሰው ደግሞ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይቀጠራል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ውጭ አገር ይሠራልኛል?

በምን ስም እንደምትሄዱ ይወስናል። ነርስ ከሆናችሁ መንገዱ የተጠረገ ነው፦ አሜሪካ ማስረጃ ይገመገማል፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና አለ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሆነ ማስረጃችሁ ዳታፍሎው በሚባለው ይጣራል፣ ብዙ ጊዜም ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ትፈተናላችሁ። ጤና መኮንን ግን እዚያ አቻ የለውም። "ዶክተር ነህ ወይስ ነርስ?" ይሉሃል፤ ማስረዳቱ ራሱ አንድ ቀን ይፈጃል። ብዙ ጓደኞቼ እንደገና ነርሲንግ ተምረዋል፤ አንዳንዶቹ ማስተርስ ይዘው ወደ ኅብረተሰብ ጤና ገብተዋል።

አማርኛው ራሱ እንጀራ የሚሆንበት ቦታም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በሆስፒታሎቹ የሚያስተረጉሙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እስራኤል ውስጥም ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦችን ስለ ስኳር በሽታ በገዛ ቋንቋቸው የሚያስተምሩ አሉ። ያቺ "በዝቶብኛል በለኝ ወይ አንሶኛል በለኝ" ያሉኝ እናት ዛሬ ሜሪላንድ ልጃቸው ጋ ቢሆኑ፣ አጠገባቸው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ብቻ አይበቃቸውም።

ወጪ መጋራቱ ስንት ነው? ዲግሪዬን ይይዙታል?

መጠኑ እንደ ዲፓርትመንቱና እንደ ቆይታው ይለያያል፤ ውሉን ስትፈርሙ ታዩታላችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ እኛ ሁላችንም ሳናነብ ነው የፈረምነው። ስትመረቁ መጀመሪያ የምትይዙት ጊዜያዊውን፣ "ቴምፖ" የሚባለውን ነው። ኮፒውን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። የእኔ በአንድ ክረምት ጣሪያ አፍስሶበት "ኅብረተሰብ" የሚለው ቃል ብቻ ነው የተረፈው።

ምን ይዤ ልግባ?

ጋውን ሁለት ይሁን፤ ክረምት ላይ አንዱ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል። ኪሱ ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ ማስታወሻ ደብተር መያዝ አለበት። ላፕቶፕ ከሌለ አትጨነቁ፣ ጓደኛ አይጠፋም። ስቴቶስኮፕ በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ፤ አንገት ላይ ለፎቶ ከመስቀል በቀር የሚሠራው የለም። ለገጠሩ የጎማ ቦት፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ ቆሎ። ቦቱን ከራሳችሁ ቁጥር አንድ ከፍ አድርጉ፤ ወፍራም ካልሲ ይገባበታል።